ሐሙስ ሐሙስ ያቀድነው መንገድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ ሶስና፣ ሮማ ፒኜቶ ሰፈር ካለችው ጠባብ ወጥ ቤቴ ተቀምጣ ስልኳን በአውራ ጣቷ ስትነካካ ቆየችና፣ “ዚያ፣ ከዚህ እስከ ባምበርግ በመኪና አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው እኮ!” አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ እጄን በሽርጤ ጠረግኩ። ልጅቷ ሮማ ተወልዳ ሮማ ያደገች ናት፤ አክስት እንደማለት “ዚያ” ነው የምትለኝ፤ አማርኛዋ ጥቂት ይሄድና ይቆማል፣ ከዚያ በጣልያንኛ ይቀጥላል። በበጋው ዕረፍት ከጓደኞቿ ጋር መኪና ተከራይተው ሊሄዱ ነው። አንዷ እዚያ ትማራለች። “ቤሊሲማ፣ ቆንጆ ናት። በጣም አሮጌ ከተማ፤ ማዘጋጃ ቤቷ ወንዝ መሀል ነው የተሠራው” ብላ ፎቶውን አሳየችኝ። እንዲህ ያለ ከተማ መሆኑን ያኔ ማንም አልነገረኝም።

“በየት በኩል ልትሄዱ ነው?” አልኳት።

“እሱን ስልኩ ያውቃል።”

“ፊሬንዜ፣ ቦሎኛ፣ ሞዴና፣ ቬሮና፣ ትሬንቶ፣ ቦልዛኖ፣ ብሬኔሮ። ከዚያ ኦስትሪያ ትገባላችሁ፤ ኢንስብሩክ። ከዚያ ጀርመን፤ ሙኒክ፣ ኑረምበርግ። ከኑረምበርግ በኋላ ትንሽ ነው የሚቀረው።” ዳዊት እንደሚደግም ሰው በአንድ ትንፋሽ ተወጣሁት።

ሶስና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው። “ማ ዳይ! መቼ ሄደው ነው?”

“አልሄድኩም” አልኳት። ሽንኩርቱ አገዘኝና እንባዬን አላወቀችብኝም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። አገር ቤት ደርግ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሮማ ውስጥ ወጣቶች ነበርን፤ ከዚህ የጠራ ቀን የለኝም። ሌላ ሌላውን ግን ጠይቁኝ። የሕዝብ ስልክ የሚሠራው ጄቶኔ በሚባል ቦይ ቦይ ባለው ሳንቲም ነበር፤ ቡና ቤት ገብታችሁ መልስ ስትጠብቁ ጄቶኔ ይሰጧችኋል፣ እናንተም በጄቶኔ ከረሜላ ትገዛላችሁ። ቁራጭ ፒሳ ሦስት መቶ ሊሬ ነበረች፣ በነጭ ወረቀት ተጠቅልላ፣ ዘይቷ እስከ ክርን የሚወርድ። ሱሪው ከጉልበት በታች የሚሰፋ፣ የጫማው ተረከዝ ከርዝመቱ የተነሣ ከአውቶቡስ ስንወርድ እርስ በርስ የምንደጋገፍበት ጊዜ ነበር። ጠጉራችንን አፍሮ አበጥረን በክረምት ባርኔጣ እምቢ ይለን ነበር። አንዲት የአየር መንገድ አስተናጋጅ ከአዲስ አበባ አንድ ካሴት ታመጣለች፤ ያንን አንዱ ከአንዱ ሲገለብጠው ሲገለብጠው፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ነበር የሚመስለው። እሱንም እያለቀስን እንሰማው ነበር። አሁን ስልኩ ጥርት አድርጎ ያሰማኛል፤ እንባው ግን የለም።

መቼም የሰው ቤት እያደረ የሠራ ያውቀዋል፤ ሳምንቱ በሙሉ የሲኞራዋ፣ የአሠሪያችን ነው። የእኛ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበረች፣ እሑድም እንግዳ ካልመጣባቸው። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሲሆን ከፓሪዮሊው፣ ከኤውሩ፣ ከሞንቴቨርዴው ሰፈር የሐበሻ ሴት ሁሉ ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይወርዳል። ደብዳቤ የምንሰጣጠው፣ የምንታረቀው፣ የምንጣላው፣ የምንታጨው እዚያ ነው። ፀሐይ ከሆነ ፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዝናብ ከሆነ የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ፖሊሱ “ቢሌቶ አላችሁ?” እያለ ትኬት ይጠይቀናል፤ “አሎራ፣ ሰው እየጠበቅን ነው” እንለዋለን። ለዓመታት ሰው እየጠበቅን ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰዓታችንን ማየት እንጀምራለን፤ እራት የሚያቀርበው ማን ሆነና!

ስንዱን ያወቅኋት እዚያ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ያሉ ጣልያኖች ዘንድ ስትሠራ፣ እነሱ ነገሩ አላምር ሲላቸው ዕቃቸውን ጠቅልለው ሲመለሱ እሷንም ይዘዋት መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት ነበረች። እጇ ግን አያርፍም፤ ከቦርሳዋ ሁለት የሹራብ መርፌና የሱፍ ክር አይጠፋም፤ እያወራችም፣ እየሳቀችም፣ አውቶቡስ ላይ ቆማም ሹራብ ትሠራለች። በዚህ ዓለም ላይ የነበራት አንድ ታናሽ ወንድም ነው፣ ግርማ የሚባል። እናታቸው ስትሞት እሷ ነች ያሳደገችው። ያ ልጅ እስር ሲበዛና የጓደኞቹ ቁጥር ሲያንስ በእግሩ ሱዳን ገባ፣ ከሱዳን እንደምንም ጀርመን ደረሰ፤ ባምበርግ በምትባል ከተማ ከሌሎች ስደተኞች ጋር አስቀመጡት። ስምንት ዓመት አልተያዩም ነበር። ፎቶውን ከመታወቂያዋ ጋር ነው የምትይዘው፤ ትልቅ አንገትጌ ያለው ሸሚዝ ለብሶ፣ ከጎኑ የሌለ ሰው የተደገፈ ይመስል ዘመም ብሎ።

አንድ ሐሙስ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ግርማ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። የጻፈው አብሮት የሚኖር ጓደኛው ነው፤ “ብዙ አያሳስብም” የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ጽፏል። እንዲህ ያለ ቃል ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንዱ ግን አንዱን ብቻ ያነበበች መሰለች። “እሄድና አመጣዋለሁ” አለች። “ያ አገር ብርዱ ነው የገደለው። ከኋላ ወንበር አስተኝቼ እዚህ ፀሐዩ ላይ አወጣዋለሁ። በመኪና ነው የምሄደው።”

መኪናው የጋሼ በዛብህ ነበር። ጋሼ በዛብህ የአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ ከእኛ በሃያ ዓመት ይበልጣሉ፤ ሮማ ላለነው ሁሉ አባትም፣ ሽማግሌም፣ ዕቃ ጫኝም እሳቸው ነበሩ። ቀለሟ የደረቀ ሰናፍጭ የመሰለ አሮጌ ፊያት ነበረቻቸው፤ ማሞቂያዋ አይሠራም፣ የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። “አዲስ አበባ በሴይቼንቶ ታክሲ፣ በዚያች በትንሿ ፊያት፣ እንጦጦን ሰባት ሰው ጭኜ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የብሬኔሮ ተራራ ምን አባቱ!” አሉ ስንዱ ስትጠይቃቸው። እኔም አብሬ እንድሄድ ተወሰነ፤ ካርታ ማንበብ የምችለው እኔ ነበርኩ፤ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁና።

ከዚያ በኋላ ሐሙሶቻችን ሌላ ሆኑ። ከጣቢያው አጠገብ፣ ከኤዜድራ አደባባይ የመጻሕፍት መደብ ላይ የአውሮፓ መንገድ ካርታ ገዛን፣ ሲዘረጋ አልጋ ልብስ የሚያህል። ማረፊያው ክፍል ውስጥ በሁለታችን ጉልበት ላይ ዘርግተን፣ እኔ በእርሳስ መንገዱን ስከተል ስንዱ መርፌዎቿን እያንቀሳቀሰች ትሰማኛለች። የምትሠራው ለግርማ ሹራብ ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንገቱ ከፍ ያለ። የት ነዳጅ እንደምንቀዳ፣ የት እንደምናድር፣ የድንበሩ ፖሊስ ቢጠይቀን ምን እንደምንመልስ በደብተር ጻፍን። ሁዳዴ ነበርና ስንቁም የጾም ነው፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ። ስንዱ ፔርሜሶ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃዷንና የጉዞ ወረቀቷን በፕላስቲክ አድርጋ ከጡቷ ሥር ትይዘዋለች። የኦስትሪያና የጀርመን ቪዛ ማመልከቻችን ገብቶ መልስ እንጠብቃለን።

“ቬሮና ስንደርስ ቆመን ሻይ እንጠጣለን” እላታለሁ።

“አንቺ ሴት፣ ሽርሽር ነው እንዴ የምንሄደው? ሻይሽን በፔርሙዝ ያዢ።”

“ጋሼ በዛብህ ሰው አይደሉም? እግራቸውን አይዘረጉም?”

“ስንመለስ ይዘርጉ። ስንመለስ የፈለግሽበት እንቆማለን፤ ለግርማ ሁሉንም አሳየዋለሁ።” ከዚያ ጣቷን ካርታው ላይ ታሳርፋለች። “ይቺ ናት ባምበርግ? ጤፍ ታህላለች እኮ!”

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለን ነበር። የታመመ ሰው እያለን ደስ ይለን ነበር። የሌላ ሰው አልጋ ለሚያነጥፍ፣ የሌላ ሰው ልጅ ለሚያጥብ ሰው፣ በገዛ እጁ በእርሳስ መንገድ መሥመር ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በአምስተኛው ሐሙስ ቪዛው ወጣ። የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ጧት ልንነሣ ቀጠሮ ያዝን፤ ሐሙስ መጨረሻውን እንነጋገራለን ተባባልን።

ረቡዕ ዕለት ስልክ መጣልኝ። ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር፤ ሲኞራዬ በእጇ ጠራችኝ። ጋሼ በዛብህ ናቸው።

“ጸዳለ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?”

“ሲኞራዋ አለች።”

“እንግዲያው ፊትሽን አትለዋውጪ። ግርማ ትናንት ዐርፏል።”

መተኮሻውን አልነቀልኩትም ነበርና ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም።

“ጓደኛው ደውሎልኝ ነው። ለስንዱ እንዳትነግሪያት፤ እዚያ ስትደርስ ጓደኞቹ ባሉበት፣ ቄስም ከሙኒክ ይመጣል፣ እዚያው ታለቅሳለች፣ በእጇ ትቀብረዋለች። እዚህ ብንነግራት ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ትችለዋለች? ስሚኝ፤ የከተማው ቢሮ ደግሞ ከወገን የመጣ ቃል ካላየሁ አላቆይም ብሏል። በእሷ ስም ቴሌግራም ልኬያለሁ፤ ቅዳሜ እደርሳለሁ፣ ጠብቁኝ የሚል። እስከ ቅዳሜ ይጠብቃሉ።”

“ቅዳሜ ባንደርስስ?”

“እንደ ደንባቸው ያደርጋሉ። ወገን ያልመጣለትን ያቃጥሉታል። ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መኪናው ውስጥ ትግባልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም። እሷን አደራ” አሉኝ።

ዛሬ ይህን ለሶስና ብነግራት፣ ለምን ወዲያው አልነገራችኋትም ትለኛለች። ፈረንጅ ቢሆን በስልክ ይነግራታል፣ ይቅርታ ይላታል፣ ይዘጋል። እኛ ግን መርዶን እንደዚያ አናውቀውም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝ ክንድና የሚያለቅስ ጎረቤት ባለበት ነው የሚነገረው። ስንዱ የምትተኛው በሲኞራዋ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ብቻ በያዘች ክፍል ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ማን ይይዛታል? ማልቀስስ ይፈቀድላታል? ጋሼ በዛብህ ያሉት ልክ ነበር ብዬ አሰብኩ። አሁንም ልክ አልነበረም ለማለት ድፍረት የለኝም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ተርሚኒ ቀድሜ ደረስኩ። ዝናብ ነበር። ስንዱ ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትመጣ ፈገግ ብላ አየኋት። አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ክሯን አወጣች።

“ስሚ ጸዳሌ፣ ነገ አንሄድም” አለች።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“እሑድ የሲኞራዋ እናት ሰማንያ ዓመት ይሞላታል፤ ሠላሳ ሰው ነው የሚመጣው። ነገ ከሄድሽ አራት ቀን ነው የምሰጥሽ፣ ግብዣውን ሠርተሽ የሚቀጥለው ዓርብ ከሄድሽ ግን አሥራ አምስት ቀን አለችኝ። በአራት ቀን ምኑን አስታምሜ ምኑን አመጣዋለሁ? ሄጄ ፊቱን አይቼ ልመለስ ነው?”

“ቪዛው ወጥቷል፣ ጋሼ በዛብህ ፈቃድ ወስደዋል...” አልኩ።

“ጋሼ በዛብህን እኔ እለምናቸዋለሁ። ደግሞ እዪው” አለችና ሹራቡን ዘረጋችልኝ። ደረቱ አልቋል፣ ጀርባው አልቋል፣ አንድ እጅጌው አልቋል። ሁለተኛው ገና ክርን ላይ ነው። “ባለ አንድ እጅ ሹራብ ይዤ ሆስፒታል ልግባ? ጀርመኖቹስ ምን ይሉኛል?”

“መኪና ውስጥ ትጨርሺዋለሽ” አልኳት።

“በዚያ መንገድ? ራሴ ይዞራል። ምን ያስቸኩላል? እሱ እንደሆነ የትም አይሄድ። አልጋ ላይ ነው፤ ያክሙታል፣ ያበሉታል። አንድ ሐሙስ ነው፣ ጸዳሌ።”

እንግዲህ ያችን ሰዓት ነው አርባ ዓመት የተሸከምኳት። ማለት የነበረብኝ ብዙ ነገር ነበር። አላስችል ብሎኛል፣ ሕልም አይቻለሁ፣ መኪናው ሊሸጥ ነው፤ ውሸት እንኳ አልጠፋም ነበር። ወይም እጇን ይዤ፣ ስንዱ፣ ግርማ የለም፤ የቀረሽ ሬሳው ነው፣ ለእሱም ነገ ካልተነሣን አንደርስም ማለት። ይህን ብትሰማ በእግሯ ነበር ብሬኔሮን የምታቋርጠው። ግን ፈራሁ። በእኔ አፍ እንዳይሆን ፈራሁ፤ ማረፊያው ክፍል ውስጥ፣ ሻንጣ በያዘ ሰው መሀል ጩኸቷን ፈራሁ፤ ፖሊሱን እንኳ ሳይቀር ፈራሁ። እሷ መርፌዎቿን ይዛ፣ ልጅ ይመስል አንገቷን ሰበር አድርጋ እሺታዬን ትጠብቃለች።

“ቫ ቤኔ” አልኳት።

“እሰይ!” ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ክሯን ቀጠለች። ያን ዕለት እስክንለያይ ድረስ አንድ ስንዝር ሠራች።

ከጣቢያው ለጋሼ በዛብህ ደወልኩ። የሆነውን ስነግራቸው ጄቶኔው ቋ እያለ ሲወርድ እሰማለሁ። “ምን አልሻት? ቫ ቤኔ?” አሉኝ። ሰው እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ድምፃቸውን ግን አላነሡም። “አሁን ልሂድና ልንገራት” አልኳቸው። “በዚህ ሰዓት? በዚያ ፎቅ ላይ? ብቻዋን ልታሳድሪያት? ተይው። ነገ ጥቂት ቀን ጨምሩልን የሚል ሌላ ቴሌግራም እልካለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን፣ ከዚያው እንነሣለን” አሉ። ሁለተኛው ቴሌግራም ዓርብ ሄደ። ከግብዣው በፊት ለቅዳሴ ብቅ ትላለች ብለን ነበር፤ እሑድ ግን እንኳን ስንዱ ጥላዋም አልመጣም፤ ሠላሳ ሰው ታበላ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የግርማ ጓደኛ ደወለ። ቢሮው ቅዳሜን ውሎ ጠበቀ፣ እሑድን አደረ፤ ሰኞ ጧት እንደ ደንቡ አደረገ። ሁለተኛው ቴሌግራም ምናልባት እስከዚያ ድረስ ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እነሱን አልወቅስም፤ እንዲጠብቁ የተነገራቸውን ጠብቀዋል።

መርዶውን የነገርናት በሚቀጥለው ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። መርዶ በጧት ነው የሚነገረው፤ ሮማ ውስጥ ግን ጧታችን የሌላ ሰው ነበር። ከጣቢያው ጀርባ ቪያ ሚላትሶ በሚባለው መንገድ ላይ አንዲት ወዳጃችን የምትከራያት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ተሰበሰብን፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን ተቀመጥን። ጎረቤት እንዳይበሳጭ መስኮቱን ዘጋነው። ስንዱ በማግሥቱ ለሚሆነው መንገድ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። “እዚህ ምን አስጠራችሁኝ?” እያለች ገባችና ነጠላውን አየች። በሩ ላይ ቆመች።

ጋሼ በዛብህ ተነሥተው፣ “ልጄ፣ ግርማ ዐርፏል” አሏት።

ሁላችንም አለቀስን። እሷ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። “መቼ?” አለች።

“የባለፈው ሳምንት ማክሰኞ።”

በጣቶቿ ቆጠረች። “ቀበሩት?”

ጋሼ በዛብህ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ስንዱ ከልቅሶዋ ተረዳችው መሰለኝ። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን።

“ባለፈው ሐሙስ ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“እጅጌው አላለቀም ስልሽ፣ ታውቂ ነበር?”

“አዎን።”

“ብንሄድ እንደርስ ነበር?”

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ተነሣች። ከቦርሳዋ ሹራቡን ከነመርፌው፣ ከነክሩ አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛው እጅጌ አራት ጣት ያህል ነው የቀረው፤ መንገድ ላይ እጨርሰዋለሁ ብላ ነበር ለካ። “ሲያልቅ እንሄዳለን” አለችኝ። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ሁለት ሴቶች ተከትለዋት ሮጡ፣ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኟት። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እራት መሥራት ትጀምር ነበርና ወደ ሥራዋ ነው የሄደችው።

ጋሼ በዛብህ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። መኪናዋን ከዚያ ወር በኋላ ሸጧት። ደርግም ወደቀ፣ ሊሬም ጠፋ፣ ጄቶኔ የሶስና እኩዮች አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ አየሁት። ተርሚኒ ማረፊያ ክፍሉ የነበረበት አካባቢ አሁን የውስጥ ልብስ ይሸጥበታል። እኔ አግብቼ ፈታሁ፤ ስንዱ አላገባችም። እሑድ እሑድ እዚያው ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ ሌላውን ሁሉ ሦስቴ ትስማለች፣ ለእኔ ከሩቅ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቫ ቤኔ የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሮማ ውስጥ ያለዚያ ቃል መኖር ያለ ጨው እንደመኖር ነው፤ ሶስና እንኳ ይህ የእርጅና አመሌ እየመሰላት ትስቅብኛለች።

መርዶንም አልቆይም። ባለፈው ዓመት ሮማኒና ሰፈር፣ ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ የሚኖር አንድ ጎልማሳ እናቱ አገር ቤት ሞታ፣ ሽማግሌዎቹ እስከ እሑድ እናቆየው ሲሉ፣ እኔ ሕንፃው በር ላይ ስደርስ አገኘሁትና እዚያው ነገርኩት። እላዬ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ፤ “ይቺ ሴትዮ ፈረንጅ ሆናለች” አሉ። ይበሉኝ።

ሹራቡ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ ናፍታሊን ተደርጎበት፣ መርፌዎቹ እንደተሰኩ። ካርታውም ከሥሩ አለ፤ በመታጠፊያው ተበልቶ ቬሮና የምትባል ከተማ የለችበትም። የሚያስጨርሰኝ ሰው አጥቼ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሹራብ መሥራት ተምሬ ነበር፤ ለሶስና እናት ሁለት ሠርቼላታለሁ። ያንን ግን አወጣና አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ካለቀ መሄድ ሊኖርብን ነው። ሄደን ደግሞ የት እንቆማለን? በየትኛው አፈር ላይ?

ሶስና ግን ያን ዕለት አልተወችኝም። “መንገዱን ካወቁት አብረውን ይምጡ። መኪናዋ ትልቅ ናት፤ ሁለት ቦታ አለ። ሌላ ሰውም ከፈለጉ ይዘው ይምጡ” አለችኝ። ልጅ ሲናገር ሁሉ ነገር ቀላል ነው። ሦስት ቀን አሰብኩ። ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰው የሚፈራው ነገር እያነሰ ይሄዳል ይላሉ፤ ውሸት ነው።

እሑድ ዕለት ስንዱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠበቅኋት። በከዘራ ነው አሁን የምትሄደው፤ ነጠላዋ ግን ያው እንደ ድሮው ንጹሕ ነው። መርፌና ክር ከያዘች ስንት ዓመቷ እንደሆነ አላውቅም፤ ጣቶቿ ተጣመዋል።

“ስንዱ” አልኳት።

ቆመች። ከአርባ ዓመት በኋላ ስሟን ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው።

“የእህቴ የልጅ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር በመኪና ባምበርግ ልትሄድ ነው። ሁለት ቦታ አለ ብላኛለች። መንገዱ አሁን በአንድ ቀን ያልቃል አሉ።”

አተኩራ አየችኝ። ዓይኗ እንደ ድሮው ነው፣ ውስጥ ድረስ የሚገባ። ከኋላዋ የሚመጡ ሴቶች እኛን አብረን ቆመን ሲያዩ እግራቸውን ገታ አደረጉ።

“አለቀ?” አለችኝ።

“አራት ጣት ቀርቶታል።”

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዘራዋን አስቀድማ ወደ ቅዳሴው መግባት ጀመረችና፣ ፊቷን ሳትመልስ፣

“ታዲያ ምን ያስቸኩላል?” አለች። “እሱ እንደሆነ የትም አይሄድ።”